የሺረር 15 ሚሊዮን እና የኢሳክ 125 ሚሊዮን በየትኛው ሚዛን?

ጥያቄ፦ «አለን ሺረር በ1996 ወደ ኒውካስል ሲዘዋወር 15 ሚሊዮን ፓውንድ ተከፈለበት። አሌክሳንደር ኢሳክ በ2025 ከዚያው ክለብ ወደ ሊቨርፑል ሲሄድ 125 ሚሊዮን ወጣበት። ታዲያ ኢሳክ ከሺረር ስምንት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው? ካልሆነስ የሺረር ዋጋ በዛሬ ገንዘብ ስንት ይሆናል?»

ምላሽ፦ ጥያቄዎ ሁለት ጥያቄ ነው፤ አንደኛው የገንዘብ፣ ሌላው የተጫዋች። በዚህ ጉዳይ የሚነሳው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ መቋጫ የሚያጣው ሁለቱን በአንድ ቁጥር ለመመለስ ስለሚሞከር ነው። የዝውውር ዋጋ አንድ ክለብ በአንድ በተወሰነ ቀን፣ አንድን ተጫዋች ከሌላ ክለብ ውል ለማስለቀቅ የከፈለው ገንዘብ ነው እንጂ ለተጫዋቹ ችሎታ የተሰጠ ማርክ አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡን ለብቻው፣ ተጫዋቾቹንም ለብቻቸው እመዝናለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው የሸቀጦችን የዋጋ ንረት ነው። የ1996ቱ 15 ሚሊዮን ፓውንድ በብሪታንያ የሸማቾች ዋጋ ወደ ዛሬ ሲመነዘር፣ እንደ መለኪያው ዓይነት ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን ፓውንድ አካባቢ ይሆናል። ሂሳቡ ስህተት የለበትም፤ የሚመልሰው ግን ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው። የሚነግረን በዚያ ዘመን በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ይሸመት የነበረው ምግብ፣ ነዳጅና ልብስ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ነው። ኒውካስል የገዛው ግን አጥቂ ነው፤ የአጥቂ ዋጋ ደግሞ የሚወሰነው ሌሎች ክለቦች ለዚያው አጥቂ ለማውጣት በሚችሉት ገንዘብ ልክ ነው። ዛሬ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ከወራጅ ቀጠና ለማምለጥ የሚታገል የፕሪምየር ሊግ ክለብ እንኳ ለአንድ ተጫዋች የሚያወጣው ገንዘብ ሲሆን፣ በ1996 ግን 15 ሚሊዮን ፓውንድ የዓለም የዝውውር ክብረ ወሰን ነበር። ክብረ ወሰንን ወደ መካከለኛ ግዢ የሚያወርድ ስሌት ለዚህ ጉዳይ ውሃ አያነሳም።

የእግር ኳስ ገንዘብ ከሸቀጥ ዋጋ ጋር የተለያየበትን ፍጥነት ለማየት የቴሌቪዥን መብትን መመልከት ይበቃል። ፕሪምየር ሊጉ በ1992 ሲጀመር የመጀመሪያው የአገር ውስጥ የስርጭት ውል ለአምስት የውድድር ዓመታት 304 ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ ነበር የታወጀው። ከ2016 እስከ 2019 ለነበሩት ሦስት የውድድር ዓመታት የተሸጠው መብት ደግሞ 5.136 ቢሊዮን ፓውንድ አወጣ። በዓመት ሲካፈል የመጀመሪያው 61 ሚሊዮን ገደማ፣ ሁለተኛው 1.7 ቢሊዮን ገደማ ይሆናል፤ ይህም 28 እጥፍ ነው። በዚሁ ጊዜ ውስጥ የብሪታንያ የሸቀጥ ዋጋ እጥፍ እንኳ አልሞላም። ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። አልፍ ኮመን በ1905 ከሰንደርላንድ ወደ ሚድልስብሮ ሲዛወር የተከፈለው 1,000 ፓውንድ በሸቀጥ ዋጋ ሲመነዘር መቶ ሺህን አልፎ ሁለት መቶ ሺህን የማይደርስ፣ ማለትም ዛሬ ለአንድ ታላቅ ኮከብ የሳምንት ደመወዝ የማይበቃ ገንዘብ ነው። በዘመኑ ግን የሰው ልጅ በገበያ ተሸጠ እስኪባል ድረስ ቁጣን የቀሰቀሰ ከመሆኑም በላይ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ1908 የዝውውር ዋጋን በ350 ፓውንድ ለመገደብ ሞክሮ ነበር። ገደቡ ጥቂት ወራት እንኳ በቅጡ ሳይቆይ ተነሳ።

እኔ የምመርጠው ሚዛን የገዢው ክለብ ኪስ ነው፦ የተከፈለው ዋጋ ተጫዋቹ በመጣበት የውድድር ዓመት ክለቡ ካገኘው ጠቅላላ ገቢ ስንት እጁ ነበር? ኒውካስል በ1996/97 ያገኘው ገቢ 41 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ስለዚህ ሺረር የወሰደው ከ36 በመቶ በላይ፣ ማለትም ከዓመቱ ገቢ ከሲሶው የሚበልጠውን ነው። ኢሳክን ራሱን ኒውካስል በ2022 ከሪያል ሶሲዬዳድ ሲያመጣው ከ60 ሚሊዮን ፓውንድ ጥቂት የሚበልጥ ገንዘብ ከፍሏል፤ የ2022/23 ገቢው 250 ሚሊዮን ስለነበር ድርሻው ሩብ ነው። ሊቨርፑል ደግሞ በ2023/24 ያገኘው 614 ሚሊዮን ስለነበር 125 ሚሊዮኑ ከዚህ ገቢ 20 በመቶ ገደማ ነው፤ የክለቡ ገቢ ባደገ መጠን ድርሻው ከዚህም ይወርዳል። በስም ዋጋው ስምንት እጥፍ የሚበልጠው ዝውውር በገዢው ኪስ ላይ ያሳረፈው ሸክም ከሺረሩ በብዙ ያነሰ ነው ማለት ነው።

አሁን ሂሳቡን ወደ ዛሬ እናምጣው። ኒውካስል በ2023/24 ያገኘው ገቢ 320 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ክለቡ በ1996 እንዳደረገው ከዚህ ላይ 36.5 በመቶውን ለአንድ ሰው ቢያወጣ 117 ሚሊዮን ይሆናል። ያንኑ ድርሻ ሊቨርፑል ቢያወጣ ደግሞ 224 ሚሊዮን ይመጣል። የትኛውን እንያዝ ቢሉኝ፣ ሺረር የዓለም ክብረ ወሰን መሆኑን ስለማልረሳ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ። ኔይማር በ2017 ከባርሴሎና ወደ ፓሪስ ሴንት ዠርመን የሄደበት 222 ሚሊዮን ዩሮ በጊዜው ምንዛሪ 198 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር፤ ከፓሪሱ ክለብ የ2017/18 ገቢ፣ ማለትም ከ542 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ፣ 41 በመቶው ነው። ሺረር በኪስ ሚዛን ሲለካ ከኔይማር ጋር በአንድ ረድፍ ይቆማል። በአንጻሩ ፖል ፖግባ በ2016 ማንቸስተር ዩናይትድን 89 ሚሊዮን ፓውንድ አስወጥቶ የዓለም ክብረ ወሰን ቢሰብርም፣ ክለቡ በዚያ የውድድር ዓመት 581 ሚሊዮን ስላገኘ ድርሻው 15 በመቶ ብቻ ነበር። ክብረ ወሰን ሁሉ እኩል አይከብድም።

ይህ ሚዛን ጉድለት የለውም አልልም። ክለብ በገቢው ብቻ አይገዛም፤ ባለቤቱ ከኪሱ ይጨምራል፣ ከባንክ ይበደራል፣ ወይም ሌላ ተጫዋች ሸጦ ይገዛል። ሮማን አብራሞቪች በ2003 ቼልሲን ከያዙ በኋላ ክለቡ ያወጣውን ገንዘብ ከገቢው ጋር ብቻ ማነጻጸር ክለቡ እብድ እንደነበር ከመናገር ያለፈ ትርጉም አይሰጥም። ስለዚህ ድርሻው ከፍ ማለቱ የገዢውን ረሃብ ያሳያል፤ ተጫዋቹ ለዚያ ረሃብ ይመጥን እንደነበር አያሳይም።

ሌላው የማያስተማምን ነገር ገበያው በየዓመቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል የሚለው እምነት ነው። ዚነዲን ዚዳን በ2001 ከዩቬንቱስ ወደ ሪያል ማድሪድ ሲሄድ ያስመዘገበው ክብረ ወሰን እስከ 2009 ድረስ ሳይነካ ቆይቷል። ምክንያቱ የሚበልጠው ተጫዋች መጥፋቱ አልነበረም። በ2002 በእንግሊዝ የታችኛዎቹን ሊጎች የስርጭት መብት የገዛው የአይቲቪ ዲጂታል የቴሌቪዥን ድርጅት ሲወድቅ የታችኛዎቹ ሊጎች ክለቦች ተናጉ፤ በጣሊያን ፊዮረንቲና በዚያው ዓመት ከሰረ፤ ላዚዮንና ፓርማን ይደግፉ የነበሩት የምግብ ኩባንያዎችም ተከታትለው ተንኮታኮቱ። ቀድሞ በዋጋ ጨረታ ሪያል ማድሪድን የሚፎካከሩት የጣሊያን ክለቦች ከገበያው ሲወጡ ዋጋው ባለበት ቆመ። በአንጻሩ በእንግሊዝ በ1979 መጀመሪያ ላይ የአገሪቱ ክብረ ወሰን በሳምንታት ልዩነት እጥፍ ሆኗል፦ ዴቪድ ሚልስ በጥር በ516 ሺህ ፓውንድ ከሚድልስብሮ ወደ ዌስት ብሮም ሄደ፣ ትሬቨር ፍራንሲስ በየካቲት በአንድ ሚሊዮን ከበርሚንግሃም ወደ ኖቲንግሃም ፎረስት። በነገራችን ላይ ፍራንሲስ «የመጀመሪያው የሚሊዮን ፓውንድ ተጫዋች» ሲባል የሚሰማው ለብሪታንያ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ጁሴፔ ሳቮልዲ በ1975 ከቦሎኛ ወደ ናፖሊ የሄደበት ሁለት ቢሊዮን ሊሬ ከዚያ በፊት ሚሊዮኑን አልፎታል።

የድንበሮች መከፈትና መዘጋትም የራሱ ዋጋ አለው። ስፔን ለውጭ ተጫዋቾች ዘግታው የነበረውን በር በ1973 ስትከፍት ነው ባርሴሎና ዮሐን ክራይፍን ከአያክስ ያመጣው። ጣሊያን በ1960ዎቹ የዘጋችውን በር የከፈተችው በ1980 ሲሆን፣ በመጀመሪያ ለአንድ ክለብ አንድ የውጭ ተጫዋች ብቻ ነበር የተፈቀደው፤ በኋላም ሁለት፣ ከዚያ ሦስት ሆነ። ዲዬጎ ማራዶና በ1984 ወደ ናፖሊ ሲመጣ ክለቡ ካለችው ሁለት ቦታ አንዷን ነበር የሰጠው። ለእንዲህ ዓይነቷ ቦታ የሚከፈል ዋጋና የፈለጉትን ያህል የአውሮፓ ዜጋ ማሰለፍ በሚቻልበት ዘመን የሚከፈል ዋጋ በአንድ መስመር ላይ የሚቀመጡ አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ ግን በዘመናት መካከል የተለወጠው የሚገዛው ነገር ራሱ ነው። ቀድሞ በእንግሊዝ ውሉ ያለቀበት ተጫዋች እንኳ ክለቡ መዝገቡን ካልለቀቀለት ወደ ሌላ መሄድ አይችልም ነበር፤ ይህን ሥርዓት ጆርጅ ኢስትሃም ኒውካስልን ከስሶ በ1963 በፍርድ ቤት ክፉኛ አዳከመው። ከዚያ በፊት የደመወዝ ጣሪያም ነበር፤ በ1961 መጀመሪያ ሲነሳ በሳምንት 20 ፓውንድ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ምሳሌ ላስላ። ዴኒስ ሎው በ1960 ከሃደርስፊልድ ወደ ማንቸስተር ሲቲ የተዛወረው በ55 ሺህ ፓውንድ ነው። ጣሪያው ላይ የደረሰ ደመወዝ ዓመቱን ሙሉ ሳይቀነስ ቢከፈል 1,040 ፓውንድ ስለሚሆን፣ የዝውውሩ ዋጋ ከተጫዋቹ የ50 ዓመት ደመወዝ ይበልጥ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ጥምርታ አይገኝም። ለተጫዋቹ መድረስ የነበረበት ገንዘብ በጣሪያው ምክንያት ወደ ሻጩ ክለብ ይፈስ ስለነበር፣ የዚያ ዘመን የዝውውር ዋጋ የተጫዋቹን ደመወዝም ደርቦ የያዘ ነው ማለት ይቻላል።

የቦስማን ፍርድ፣ ማለትም የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጅጉ ተጫዋች ዣን ማርክ ቦስማን ክስ ላይ የሰጠው ውሳኔ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1995 ሲሰጥ ፍሰቱ ተገለበጠ፤ ውሉ ያለቀበት ተጫዋች ያለ አንዳች ክፍያ መሄድ ስለተፈቀደለት የዝውውር ዋጋ የቀሪ ውል ዋጋ ብቻ ሆነ። ሺረር የተሸጠው ከፍርዱ ሰባት ወር በኋላ ነው፤ ገበያው አዲሱን ሕግ ገና በማላመድ ላይ ሳለ ማለት ነው። የፖግባ ታሪክ ለዚህ ከማንኛውም ማብራሪያ ይሻላል። በ2012 ውሉ አልቆ ከማንቸስተር ዩናይትድ ወደ ዩቬንቱስ ሲሄድ የተከፈለው የማሰልጠኛ ካሳ ብቻ ነበር፤ በ2016 በ89 ሚሊዮን ፓውንድ ተመልሶ መጣ፤ በ2022 ውሉ አልቆ በነፃ ወደዚያው ዩቬንቱስ ሄደ። አንድ ሰው፣ ሁለት ክለብ፣ ሦስት ዋጋ። ሮበርት ሌቫንዶቭስኪ በ2014 ከዶርትሙንድ ወደ ባየርን፣ ኪሊያን ምባፔ በ2024 ከፓሪስ ወደ ሪያል ማድሪድ ያለ ዝውውር ዋጋ ነው የሄዱት፤ በዋጋ ሰንጠረዥ ላይ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ሊዮኔል ሜሲም በ2021 ወደ ፓሪስ ሲሄድ የዝውውር ዋጋ አልተከፈለበትም። ዋጋን የችሎታ ሚዛን ያደረገ ሰው ከእነዚህ ዜሮዎች ጋር ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።

የኔይማር 222 ሚሊዮንም ቢሆን በገዢና በሻጭ ድርድር የተገኘ ዋጋ አልነበረም፤ በስፔን ሕግ መሠረት በውሉ ውስጥ የተጻፈ የውል ማፍረሻ ክፍያ ነበር፣ የተጻፈውም ማንም እንዳይደርስበት ታስቦ ነው። አንድ ክለብ ደረሰበት። ከዚያ በፊት ከነበረው የፖግባ ክብረ ወሰን እጥፍ በላይ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለፈው ዝውውር ደግሞ እስካሁን የለም።

በጋዜጣ የሚወጣውን ቁጥርም በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። ጂሚ ግሪቭስ በ1961 ከሚላን ወደ ቶተንሃም የመጣበት 99,999 ፓውንድ አንድ ፓውንድ የጎደለችው ልጁ የመቶ ሺህ ሸክም ተሸክሞ እንዳይጫወት ታስቦ ነው፤ የፍራንሲስ አንድ ሚሊዮን ደግሞ ታክስና ሌሎች ክፍያዎች ሲጨመሩበት ከሚሊዮኑ በላይ ይሄዳል። ዛሬ ሞይሰስ ካይሴዶ በ2023 ከብራይተን ወደ ቼልሲ ሲሄድ እንደተጻፈው 115 ሚሊዮን ያሉ ቁጥሮች ወደፊት በሁኔታ ላይ ተመሥርተው የሚከፈሉትንም ደምረው ይይዛሉ። ክፍያው በየዓመቱ ይከፋፈላል፤ በሂሳብ መዝገብ ላይም ዋጋው በውሉ ዓመታት ተካፍሎ ነው ወጪ የሚሆነው። ቼልሲ በ2023 መጀመሪያ ለኤንዞ ፈርናንዴዝና ለሚካይሎ ሙድሪክ የስምንት ዓመት ተኩል ውል የሰጠው የየዓመቱን ወጪ ለማሳነስ ሲሆን፣ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በዚያው ዓመት ማካፈያውን በአምስት ዓመት ገድቦታል። ሺረር በ1996 የአምስት ዓመት ውል ቢኖረው በዓመት ሦስት ሚሊዮን ይሆን ነበር፤ በዘመኑ ግን ክለቦች ስለ እንዲህ ያለ ስሌት እንደ ዛሬው አይጨነቁም ነበር።

ወደ ተጫዋቾቹ ልምጣ። እዚህ ላይ የምከተለው ደንብ አንድ ነው፦ ተጫዋች የሚለካው በዚያው ሊግ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሕግ ከተጫወቱት ጋር ነው። በ1925 ከጨዋታ ውጪ የሚባለው ሕግ ሲሻሻል፣ ማለትም በአጥቂውና በግቡ መስመር መካከል መኖር ያለባቸው ተከላካዮች ከሦስት ወደ ሁለት ሲወርዱ፣ በእንግሊዝ ሊግ የሚቆጠረው ግብ በአንድ ዓመት ከሲሶ በላይ ጨመረ። ጆርጅ ካምሰል በ1926/27 በሁለተኛ ዲቪዚዮን 59 ግብ፣ ዲክሲ ዲን በ1927/28 በአንደኛ ዲቪዚዮን 60 ግብ ያስቆጠሩት በዚህ ጎርፍ ወቅት ነው። ዴቪድ ጃክ በ1928 ከቦልተን ወደ አርሰናል በ10,890 ፓውንድ ሲዛወርም ተከላካዮች ለአዲሱ ሕግ ገና መልስ እየፈለጉ ነበር። በተቃራኒው ማራዶና በ1987/88 የጣሊያን ሊግ ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው በ15 ግብ ነው። ሜሲ በ2011/12 በስፔን 50 አስቆጥሯል። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ማራዶናን ከሲሶ በታች ያወርደዋል፤ ነገር ግን በ1992 ግብ ጠባቂ የቡድን ጓደኛው በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይይዝ ከመከልከሉ በፊት፣ ከኋላ የሚሰነዘር ሸርተቴም እንደ ዛሬው ቀይ ካርድ በማያስከትልበት ዘመን፣ በዚያ ሊግ ከእርሱ የበለጠ ያገባ አልነበረም።

ሺረርና ኢሳክን ለማወዳደር የሚመች አንድ አጋጣሚ አለ። ሁለቱም በተሸጡበት ቀን 25 ዓመታቸው ነበር፣ ሁለቱም የመሃል አጥቂ ናቸው፣ ሁለቱም በፕሪምየር ሊግ ሦስትና አራት ዓመት ተጫውተው ነበር። ሺረር በብላክበርን በ138 የሊግ ጨዋታ 112 ግብ አስቆጥሮ፣ በ1994/95 እና በ1995/96 በተከታታይ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ፣ በ1995 የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ አንስቶ፣ በዝውውሩ ክረምት ደግሞ በአውሮፓ ዋንጫ አምስት ግብ አግብቶ የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ነው የተሸጠው። ኢሳክ በኒውካስል በ86 የሊግ ጨዋታ 54 ግብ ነበረው፤ የመጨረሻ ዓመቱ 23 ግብ ከሞሐመድ ሳላህ 29 ቀጥሎ ሁለተኛ አድርጎታል፣ በ2025ም በሊግ ካፕ ፍጻሜ ሊቨርፑል ላይ ግብ አግብቶ ዋንጫ አንስቷል። በሽያጩ ቀን በጠረጴዛው ላይ በነበረው ማስረጃ ሺረር በግልጽ ይበልጣል፤ በጨዋታ ሲካፈል ለአንዱ 0.81፣ ለሌላው 0.63 ግብ ይደርሳል።

በዚህ ላይ ብዙዎች የሺረርን 260 የፕሪምየር ሊግ ግብ ሲደርቡበት እሰማለሁ፤ ክብረ ወሰኑ የራሱ ነው፣ ለዋጋ ንጽጽር ግን አይገባም። ኒውካስል በ1996 ክረምት የከፈለው ለ112ቱ ነው፤ ቀሪዎቹን 148 በኋላ ነው ያየው።